ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን ይነሳል፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የውርጩ?

የጭላሎ ልጅ (ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። መካኒክ ነገሩን ከሥሩ ካልሰማ መፍረድ ይከብደዋል ብዬ ነው።

የምኖረው ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። 14 ኤከር መሬት አለኝ። በግና ፍየል አረባለሁ። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋም ሰው ከከተማ እየመጣ ይገዛኛል። አሁን ጋጣ ውስጥ 46 በግ አለ። 31ዱ ያረገዙ ናቸው።

ትራክተሬ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፣ የ1969 ሥሪት። ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ፣ የሚሠራው በናፍጣ። ከገዛሁት 4 ዓመት ሆነኝ። አጎቴ አርሲ ውስጥ የሚነዳው ይሄንኑ ቀዩን ማሲ ነበር። ልጅ ሆኜ የጎማው መከላከያ ላይ አስቀምጦኝ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ የስንዴ ማሳ ሲያርስ አብሬው እውል ነበር። እዚህ ጨረታ ላይ ሲያስነሱት ድምፁን ስሰማ እጄ ብቻውን ወጣ። ስለዚህ ይሄ ትራክተር ለኔ ዕቃ ብቻ አይደለም።

ወደ ችግሩ ልግባ። ከሰኞ ጀምሮ ኃይለኛ ውርጭ ገብቷል። ትናንት ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 31 በሴልሺየስ ይላል። ከቤቴ እስከ ዋናው መንገድ 300 ሜትር ያህል ነው፣ በረዶው ዘግቶታል። ድርቆሹም ማዶ መጋዘን ውስጥ ነው። አንዱን ክብ ጥቅል በሰው ጉልበት ማንቀሳቀስ አይታሰብም።

ማታውን የሞተሩን ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቼ አድሬአለሁ። ጠዋት ጓንቴን አውልቄ ሞተሩን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ብሏል። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ሳያንገራግር ዞረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳል አለና ተነሳ። ነጭ ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ጭሱ ጠራ። ደስ አለኝ። አንድ ጥቅል ድርቆሽ አንስቼ ግማሽ መንገድ ስደርስ ድምፁ መውረድ ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው አይቀበልም። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቁና ቁና ብሎ ጠፋ። ሰዓቴን አየሁ፤ ከተነሳ 8 ደቂቃ አልሞላውም።

በረዶው መሃል ቆመ። ረጅም ኤክስቴንሽን ዘርግቼ፣ ማሞቂያውን ሰክቼ፣ ላዩን በሸራ ሸፍኜ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ተነሳ። እንደምንም ጋጣው ድረስ ገባልኝ። እዚያው ጠፋ። ዛሬም ያው ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ባትሪው የ2 ወር ነው፣ አስለክቼዋለሁ። ዘይቱ 5 ደብሊው 40 ነው፣ ኅዳር ላይ ነው የቀየርኩት። አንቲፍሪዙን ለክቼው እስከ ከዜሮ በታች 37 ይችላል። ናፍጣም አለው፣ ታንኩ ከግማሽ በላይ ነው። አየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው።

ጎረቤቴ አዛውንት ፈረንጅ «የናፍጣ ፖምፓው አርጅቷል» አለኝ። ፖምፓ ማስቀየር ማለት ለኔ የዚህን ክረምት ትርፍ በሙሉ ማስረከብ ነው። ደግሞ የማሲ ፖምፓ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሰሞን ከየት ይመጣል? በጎቹ ለሁለት ቀን የሚሆን ድርቆሽ በእጄ ተሸክሜ አስገብቼላቸዋለሁ። ገና 5 ቀን ቀርቶታል፣ ሰዎችም ቀጠሮ ይዘዋል።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በእውነት ጨንቆኛል።

---

የዴንቨሩ

አይዞህ ወንድሜ። እኛ ጋ በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚጠቀመው በቆርቆሮ የሚሸጠውን ኤተር ነው። አየር ማስገቢያው ላይ ሁለቴ ፊስ ታደርገዋለህ፣ ወዲያው ይነሳል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ባትሪውንም ደግመህ አስለካ፣ አዲስ ነው ብለህ አትመን።

---

ባለ 18 ጎማ (ፋርጎ)

የጭላሎ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ናፍጣውን መቼ ነው የገዛኸው?

እንዲህ የምልህ ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ቴክሳስ ላይ ሁለቱንም ታንክ ሞልቼ ወደ ሰሜን ነዳሁ። እዚያ ሙቀት ነበር፣ ሸሚዝ ብቻ ነው የለበስኩት። በሁለተኛው ቀን ሰሜን ዳኮታ ገብቼ፣ ጄምስታውን ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ፣ መኪናው ልክ አንተ እንዳልከው አደረገኝ። መጀመሪያ ጉልበት አነሰው። ማርሽ ቀንሼ ሞከርኩ። ከዚያ ጭጭ። ሌሊቱን መንገድ ዳር ነው ያደርኩት። ለመሞት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሞተሩ ምንም አልሆነም። የደቡብ ናፍጣ ለደቡብ አየር የተሠራ ነው። ተራው ናፍጣ፣ እዚህ ቁጥር 2 የሚሉት፣ በአብዛኛው ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ሲደርስ መደፍረስ ይጀምራል። ውስጡ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሮውን፣ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ይደፍነዋል። አንተ ጋ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሚኒሶታ ውስጥ በበጋ የሚሸጠው ናፍጣ 20 በመቶ ባዮዲዝል እንዲኖረው በሕግ የታዘዘ ነው። በክረምት ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ባዮዲዝል ከአኩሪ አተር ዘይት ነው በብዛት የሚሠራው፣ ከተራው ናፍጣ ቀድሞ ይረጋል። የበጋ ናፍጣ ይዘህ ጥር ውስጥ ከገባህ ያልከው ነገር ሁሉ ይገጥማል።

የሚነሳውም ለዚህ ነው። ለመነሳት ትንሽ ናፍጣ ይበቃዋል። ሥራ ስታበዛበት ብዙ ይፈልጋል፣ የተደፈነው ፊልትሮ አያሳልፍለትም። አንተ ሙቀት ስትሰጠው ሰሙ ትንሽ ይቀልጣል፣ እንደገና ይነሳል።

አሁን ይሄን አድርግ። ከታንኩ ላይ አንድ ጠርሙስ ናፍጣ ቅዳና ውጭ አሳድረው። ጠዋት ራሱ ይነግርሃል።

---

የጭላሎ ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሆዴ ባር ባር አለ። ጓሮ ውስጥ እግር ያለው ትልቅ በርሜል አለኝ፣ 300 ጋሎን ይይዛል። ለእርሻ የሚሸጠውን ቀይ ቀለም ያለውን ናፍጣ ነው የማስሞላው። ያስሞላሁት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ድርቆሽ ሳጭድ ነው። ያለፈው ክረምት ቀለል ያለ ስለነበር ምንም አላለኝም። አልፎም አስቤው አላውቅም።

ጠርሙሱን አሁን አወጣለሁ። ኤተሩንም ልሞክር ወይ? ባለቤቴ ከተማ ስለሆነች ይዛልኝ ትመጣለች።

---

ጋሽ መፍቻ (ኤድመንተን)

ልጄ፣ ኤተሩን ተው! በመጀመሪያ እሱን ልበልህ።

ማሲ 135 አየር መግቢያው ላይ የራሱ ማሞቂያ አለው። ቁልፉን ወደ ማሞቂያ ስታዞር ሽቦዋ ትግላለች፣ ናፍጣ ጠብ ይልባታል፣ እሳት ይያያዛል፣ የሚገባውን አየር ያሞቀዋል። አየር መግቢያው ውስጥ እሳት እያለ ኤተር ብትረጭበት ምን እንደሚሆን አስበው። እዚሁ ኤድመንተን የአንድ ገበሬ ሞተር ፈትቼ አይቻለሁ። ፒስተኑ ለሁለት ተሰንጥቋል። የዴንቨሩ ልጅ በቅን ልብ ነው የተናገረው፣ ግን ይሄ ምክር ማሞቂያ ላለው ናፍጣ ሞተር አይሆንም። ደግሞ ያንተ ሞተር የመነሳት ችግር የለበትም።

እኔ ባሌ መንግሥት እርሻ ውስጥ ማሲና ቤላሩስ ስጠግን ነው የጎለመስኩት። እዚህ ከመጣሁ ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። ከዜሮ በታች 40 ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚያ ላይ ሴልሺየስና ፋራናይት አንድ ቁጥር ናቸው፣ ሰው ያን ቀን በየትኛው ነው ብሎ አይጠይቅም።

ባለ 18 ጎማው ልክ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፣ ሻማ የሚሠራበት ዓይነት። ንጥር ቅቤ አስበው። ምድጃ አጠገብ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ መስኮት ላይ ስታስቀምጠው ይረጋል። አልተበላሸም፣ ቅቤነቱም አልጠፋም። ፖምፓህም እንደዚሁ ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚበላውን አጥቶ ነው የጠፋው። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ ፊልትሮውን ሳታይ ፖምፓ እንዳትነካ።

ሥራውን በቅደም ተከተል ልንገርህ። ትራክተሩን ጋጣ ውስጥ እንዳለ ተወው፣ ነፋስ አይምታው። ፊልትሮው ሞተሩ ጎን ላይ ነው፣ ከታች የብርጭቆ ጽዋ አለው። ጽዋውን በባትሪ መብራት እየው። ነጭ ነገር ወይም በረዶ ካየህበት መልሱን አገኘህ። በረዶ ከሆነ ውኃ ነው፤ ታንክ ጎደሎ ሲያድር ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ላብ ሆኖ ይወርዳል። የፈላ ውኃ እንዳታፈስበት! በዚህ ብርድ ብርጭቆው ይፈነዳል። ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ ነክረህ ጠቅልለው።

መካከለኛውን ብሎን ፍታ፣ አሮጌውን አውጣ፣ አዲስ አስገባበት። ጎሚኒዎቹን አብረህ ቀይር፣ አሮጌ ጎሚኒ አየር ያስገባል። ጽዋውን በንጹሕ ናፍጣ እጠብ።

ታንኩ ውስጥ ያለውን አውጣው። ጀሪካን ውስጥ ቅዳውና ሙቅ ቤት አስቀምጠው፣ አይጣልም። በምትኩ ቁጥር 1 ናፍጣ ግዛ። እሱ ከላምባ ብዙም አይለይም፣ ሰሙ ትንሽ ነው። ለዚህ ሳምንት ንጹሑን ቁጥር 1 ሙላ። ቤንዚን የሚቀላቅሉ አሉ፣ እንዳትሰማቸው። የእሳት አደጋ ነው፣ ፖምፓውም የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው።

ከዚያ አየር ማስወጣት አለብህ፣ ያለዚያ አይነሳም። መጋቢዋ ፖምፓ ጎን ላይ የእጅ ማንሻ አለች። ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የአየር ብሎን ትንሽ አላላውና ማንሻዋን ደጋግመህ ምታ። አረፋው አልቆ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ አጥብቀው። ማንሻዋ ላላ ብላ ምንም ካልሳበች አልተበላሸችም፤ ሞተሩን ትንሽ አዙረውና እንደገና ሞክር። በትልቁ ፖምፓ ላይም ሁለት የአየር ብሎኖች አሉ፣ አንዱ ጎኑ ላይ አንዱ ከላይ። ያንኑ አድርግ። በመጨረሻ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱትን የቱቦ ብሎኖች አላላ፣ የእጅ ነዳጁን እስከ ጥግ ክፈት፣ ሞተሪኖውን አዙር። ናፍጣ ሲተፋ አጥብቅ። ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዝ፣ አሳርፈው።

ስትጨርስ ጻፍልኝ። ስልኬን ከፍቼ ነው የማድረው።

---

የሱፎልስ እናት

የእኔ ስለ ሞተር አይደለም፣ ስለ አንተ ነው ወንድም ዓለም። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። በየክረምቱ ጋራዥ ዘግተው ሞተር ያስነሱ ሰዎች ይመጡልናል። ራሴን አመመኝ ይላሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ጋጣው ውስጥ ስታስነሳው በሩን በሰፊው ክፈት፣ ወዲያው ወደ ውጭ አውጣው። በጎቹም ይተነፍሱታል።

ደግሞ ለማሞቅ ብለህ ከሥሩ እሳት እንዳታነድ። ድርቆሽና ናፍጣ ያለበት ቤት ነው። ብረት ስትነካ ጓንትህን አታውልቅ፤ ናፍጣ የነካው እጅ በዚህ ብርድ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ቀጭን የጎማ ጓንት ከውስጥ፣ የሱፍ ጓንት ከላይ አድርግ።

---

የጭላሎ ልጅ

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጠርሙሱ የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ነበር፣ አጥቤ ነው የተጠቀምኩበት። ማታ ስቀዳው እንደ ቀይ ወይን ጠጅ ጥርት ያለ ነበር፣ በውስጡ ጣቴ ይታየኛል። በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ወጥቼ በመብራት አየሁት። ደፍርሷል፣ የእንጆሪ ጭማቂ መስሏል። ጠዋት ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ከላይ ትንሽ ቀይ ፈሳሽ፣ ከታች ነጣ ያለ ወፍራም ነገር። ጠርሙሱን አጋደምኩት። የታችኛው ንቅንቅ አላለም። እዚያው ቆሜ ብዙ አየሁት። አራት ቀን ሙሉ ሞተሩን ስከስ ነበር፣ እሱ ግን ይሄን ነበር ዋጥ ሲባል የከረመው።

ፊልትሮውን ስፈታ የወረቀቱ ዙሪያ በሰም ተለብጧል። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ እንደ ጧፍ ፍርፋሪ ይነሳል። ጽዋው ሥር የአተር ፍሬ የምታክል በረዶም ነበረች። ጋሼ ያሉት ሁለቱም ነበሩ ማለት ነው።

አየር ማስወጣቱ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ማንሻዋ እንዳሉት ላላ ብላ ነበር። ባይነግሩኝ ኖሮ ተሰበረች ብዬ አዲስ አዝዝ ነበር። ሞተሩን ሩብ ዙር ሳዞረው ያዘች። ሁለተኛው የቱቦ ብሎን ላይ አረፋው አላልቅ አለኝ፣ ለካ ከታች አንዷን ጎሚኒ አጣምሜ አስገብቻታለሁ። ደግሜ ፈታሁት።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተነሳ። ውጭው ከዜሮ በታች 27 ነበር። በሩን ከፍቼ ወዲያው አወጣሁት። 8 ደቂቃ አለፈ። 15 አለፈ። መንገዱን ጠርጌ ስጨርስ አንድ ሰዓት ከ20 ሆኗል፣ ድምፁ አንዴም አልወረደም። 4 ጥቅል ድርቆሽ አስገባሁ። በጎቹ ትኩስ ድርቆሽ ሲሸታቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮሁ። ኮፍያዬን አውልቄ መሪው ላይ ተደፋሁ። ብቻዬን ስለነበርኩ አለቀስኩም።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። በርሜሉ ውስጥ 120 ጋሎን ያህል የነሐሴ ናፍጣ አለ። ምን ላድርገው? ሁለተኛ፣ የሞተር ማሞቂያውን ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አለብኝ? የመብራት ሂሳቡ ከበደኝ።

---

ባለ 18 ጎማ (ፋርጎ)

ተመስገን! እዚህ መናኸሪያ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ጮህኩ። በርሜሉን በተመለከተ፣ ናፍጣ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ይሸጣል። ግን ናፍጣው ሳይደፈርስ በፊት ነው የሚጨመረው። ከረጋ በኋላ ብትጨምረው አይሠራም። ለረጋ ናፍጣ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ፣ ጽሑፉን አንብበህ ግዛ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ሳያልቅ የክረምቱን አስሞላ።

---

ጋሽ መፍቻ (ኤድመንተን)

ጎበዝ! ጎሚኒዋን ራስህ ማግኘትህ ደስ ብሎኛል። እሷን የሚያገኝ መካኒክ ይሆናል።

ብርዱ ሰበር ብሎ ናፍጣው ሲጠራ፣ በርሜሉ ላይ ያለህን ያህል ቁጥር 1 ጨምርበትና እኩል በእኩል ቀላቅለው። አሁን ግን አትንካው። ከረጋ ናፍጣ ላይ ብታፈስበት አይዋሃድም። ለብርቱ ውርጭ ቀን ንጹሕ ቁጥር 1 በጀሪካን ለብቻ ያዝ። ማታ ሥራ ስትጨርስም የትራክተሩን ታንክ ሞልተህ አሳድር፣ ላብ የሚሆንበት ቦታ አይኑረው።

ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ አያስፈልገውም። የሰዓት መቆጣጠሪያ ግዛና ከመነሳትህ 4 ሰዓት በፊት እንዲበራ አድርገው። ኤክስቴንሽኑ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ ይግላል።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። ሲሠራ ድምፁን በስልክህ ቅዳና ላክልኝ። ቀስ ብሎ ሲዞርና ነዳጅ ስትሰጠው፣ ሁለቱንም። የማሲን ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

---

የጭላሎ ልጅ

ልኬዋለሁ ጋሼ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የበጎቹ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ።

---

ጋሽ መፍቻ (ኤድመንተን)

ሰማሁት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስቱም ሲሊንደር በደንብ ይሠራሉ። ነዳጅ ስትለቅ ግን መሃለኛው ትንሽ ታንኳኳለች፣ ኖዝሏ ሳትሆን አትቀርም። አሁን አትንካት። ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲለቅ አውርደህ አስፈትሻት፣ ያን ጊዜ ጻፍልኝ።